የአባቴ የአደን ቪዛ

ባለፈው እሑድ የወንድሜ ልጅ ማህሌት ከቅዳሴ መልስ እቤቴ መጥታ ለኤምባሲ ቃለ መጠይቅ አለማምጂኝ አለችኝ። ማህሌት እዚሁ አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ከልብስ ፋብሪካዎቹ በአንዱ የጥራት ተቆጣጣሪ ናት፤ ድርጅቱ ለሦስት ወር ሥልጠና ውጭ አገር ሊልካት አስቧል። ፎርሙን በስልኳ ሞልታ፣ ፎቶዋን በስልኳ ልካ፣ ቀጠሮዋንም በስልኳ ይዛለች። የቀራት በአፍ መመለስ ብቻ ነው። እኔ ጡረታ የወጣሁ ታይፒስት ስለሆንኩና እንግሊዝኛዋ ገና አልዛገም ስለምባል፣ የዘመድ ልጅ ሁሉ ወረቀት ሲይዝ የሚመጣው ወደ እኔ ነው።

በረንዳው ላይ ፓፓያ ቆርጬ ተቀመጥን። የአዳማ ነፋስ እንደ ልማዱ አቧራውን ይዞ በግቢው በር ይገባል፤ እኔም እንደ ልማዴ እየተራገምኩ ሳህኑን በጨርቅ እሸፍናለሁ። ጥያቄዎቹን እያነበብኩ እንድጠይቃት ስልኳን ሰጠችኝ። የመጀመሪያው፣ ለምንድን ነው የምትሄጂው፣ ይላል። ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ። እንባዬ ቀደመኝ።

ልጅቷ ደነገጠች። "እቴቴ፣ የምጠየቀው እኮ እኔ ነኝ፤ አንቺ ምን ያስለቅስሻል?" አለችኝ።

አቧራው ነው አልኳት። አቧራ ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ የዚህ ከተማ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እውነቱ ግን ይህ ጥያቄ ከዛሬ ብዙ ዓመት በፊት አንድ የኤምባሲ መስኮት ላይ ቀርቦ ነበር። ተጠያቂው አባቴ፣ መላሿ ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከተማችንን ሁላችንም ናዝሬት ነበር የምንላት። አባቴ በቀለ ይባላል። የተወለደው ሰሜን ሸዋ ነው፤ ዕድሜውን የጨረሰው ግን በስምጥ ሸለቆው ሜዳና በአርሲ ተራሮች መካከል ሲመላለስ ነበር፤ ኦሮምኛውን ከአማርኛው መለየት የሚከብደው ሰው ሆኖ ነበር። ሥራው አዳኞችን መምራት ነው። የውጭ አገር ሰዎች ፈቃድ አውጥተው ለአንድ የደጋ አጋዘን ከባሕር ማዶ ሲመጡ፣ ዱካ የሚያወጣላቸው እሱ ነበር። ዱካ ሲከተል አጎንብሶ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ መርፌ እንደጠፋው ልብስ ሰፊ ነው። ከሳር ላይ የጤዛ መርገፍን አይቶ አውሬው ከስንት ሰዓት በፊት እንዳለፈ ይናገራል ይሉታል። እኔ አብሬው ወጥቼ አላየሁም፤ የሰማሁትን ነው።

ከእንግዶቹ ሁሉ አንዱ ወዳጁ ሆነ። ስሙ ዮሃን ነው፤ አባቴ ግን ዮሐንስ ብሎ ክርስትና አነሳው። የመጣበትን አገር ስም ልተወው፤ የዚያ አገር ኤምባሲ ሰዎች ደንባቸውን ከመጠበቅ በቀር ያጠፉት የለምና ስማቸውን ማንሳት አልፈልግም። ዮሐንስ ዘጠኝ ዓመት በተከታታይ ጥቅምት ሲገባ ይመጣል። ወደ ተራራው ከመውጣታቸው በፊት ሁልጊዜ እቤታችን ያድራል፤ እናቴ ቋንጣ ፍርፍር ትሠራለታለች፤ በርበሬው አፍንጫውን እያስለቀሰው ሳህኑን ጠርጎ ይነሳል። የሁለቱ መግባቢያ ጥቂት እንግሊዝኛ፣ ጥቂት አማርኛና ብዙ ዝምታ ነበር። ሁለት ዝምተኛ ሰው ሲገጣጠም ወዳጅነቱ የሚጸና ይመስለኛል፤ የሚጣሉበት ወሬ የላቸውማ።

ከዚያ እናቴ ሞተች። አባቴ ሥራውን ተወ። ማንም አታድን አላለውም፤ እሱው ነው የተወው። ጠዋት ተነስቶ በርጩማውን ግቢው ውስጥ ካለው የፓፓያ ዛፍ ሥር ያወጣል፤ ምንሽር ጠመንጃውን አውጥቶ በጨርቅ ይወለውላል፤ መልሶ ይሰቅለዋል፤ ቀኑ አለቀ። ያቀረብኩለትን ይበላል እንጂ ጨምሪልኝ ብሎኝ አያውቅም። አንድ ሰው እያየሁት እየጠፋ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከመሥሪያ ቤት ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ መሥሪያ ቤት ከመሄድ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

የዮሐንስ ደብዳቤ የመጣው ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። በእንግሊዝኛ ነው የጻፈው፤ ምሳ ላይ እየተረጎምኩ አነበብኩለት። ጉልበቴ ከዚህ በኋላ ያንተን ተራራ አይወጣም፤ የኔ ጫካ ግን ሜዳ ነው፤ ዘጠኝ ጊዜ እኔ መጣሁ፣ አንድ ጊዜ አንተ ና፤ ኅዳር ላይ አብረን እናድን፣ ይላል። የመጨረሻዋን ቃል ስናገር አባቴ ዝም በይ እንደ ማለት እጁን አነሳ። በሰው መሣሪያ አልሄድም፣ የራሴን መያዝ ይቻል እንደሆነ ጠይቂልኝ አለ። ቀጥሎም ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ ወጥ ጨምሪልኝ አለኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ድስቱን ይዤ ቆሜ አለቀስኩ። ይህንን ቪዛ ካላወጣሁለት አባቴ ከዚያ በርጩማ ላይ አይነሳም አልኩ ለራሴ፤ ያልኩትም እውነት ነበር።

እዚህ ላይ የአባቴን አንድ ልማድ መናገር አለብኝ። እሱም አብረውት የሚወጡትም ሰዎች፣ ከመውጣታቸው በፊት አደን የምትለዋን ቃል በአፋቸው አይጠሯትም። የአውሬውንም ስም እንዲሁ። ልራመድ ነው ይላሉ፤ እግሬን ላፍታታ ይላሉ። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ሰው ያሰበውን ከተናገረው ዱሩ ይሰማዋል፣ ወይ አውሬው ይርቃል ወይ ሰውየው ይጎዳል ብለው ያምናሉ። ከተመለሱ በኋላ ግን ወሬውም ፉከራውም ሞልቷል። እኔ ኮሜርስ የተማርኩ፣ በደቂቃ ስልሳ ቃል የምመታ ልጅ፣ ይህንን ሁሉ በሆዴ እስቅበት ነበር።

የሰው ቪዛ አንድ ነገር ነው፤ የመሣሪያ ግን ሌላ ዓለም ነው። የዚያ አገር ሰዎች የጠመንጃውን ዓይነት፣ የተሠራበትን አገር፣ ቁጥሩንና የጥይቱን ብዛት የያዘ ፎርም ላኩልን። በእኛ በኩል ደግሞ መሣሪያው የአባቴ መሆኑን የሚገልጽ የፖሊስ ማረጋገጫ፣ ከአገር ለማውጣት የፈቃድ ደብዳቤ፣ ይዞት ሲመለስ እንደ አዲስ ዕቃ እንዳይያዝበት ደግሞ የጉምሩክ ምዝገባ ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ደብዳቤ ሌላ ደብዳቤ ካልቀደመው አይጻፍም። እኔ ይህ ሁሉ አላስቸገረኝም፤ እንዲያውም ደስ አለኝ። ማመልከቻ መጻፍ እችልበታለሁ። በካርቦን ሦስት ቅጂ አውጥቼ፣ ማኅተም ያረፈበትን ሁሉ በየተራው ክላሰር ውስጥ አስሬ፣ አባቴን ከኋላዬ አስከትዬ ከቢሮ ቢሮ ስዞር፣ ዱካ የማወጣው እኔ የምሆንበት ጊዜ መጣ እያልኩ እኩራራ ነበር።

ችግሩ የመሣሪያው ፈቃድ የወጣው ዝዋይ መሆኑ ነበር፤ ዛሬ ባቱ የምንላት ከተማ። ማረጋገጫውን የሚሰጠው የዚያች ከተማ ፖሊስ ነው። በግንቦት ሙቀት ከናዝሬት ሞጆ፣ ከሞጆ ወደ ደቡብ በአውቶቡስ ሄድን። አባቴ ምንሽሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በጉልበቱ መሃል አቁሞ ይዞታል፤ ፈቃዱ ኮት ኪሱ ውስጥ ነው። ቆቃን አልፈን ግራሮቹ ሲጀምሩ ፊቱ ተከፈተ። ያንን መንገድ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያውቀው ይመስለኛል። እዚያ ጋ ድሮ ቆርኬ ይግጥ ነበር፤ እዚያ ማዶ ከዮሐንስ ጋር ጎማ ፈንድቶብን ነበር እያለ በጣቱ ያሳየኛል። እኔ የማየው ከመንገዱ ዳር የተደረደረ የከሰል ጆንያ ብቻ ነው። መቂ ላይ አውቶቡሱ ቆመ፤ ደላሎች የቲማቲም ሣጥን ወደ አዲስ አበባ መኪና እያስጫኑ ይጯጯኻሉ፤ የሽንኩርቱ ሽታ በመስኮት ይገባል። አባቴ ሁለት ቲማቲም ገዝቶ በኮቱ እጅጌ ወልውሎ አንዱን ሰጠኝ። ከመቂ ቲማቲም በኋላ ሌላ ቲማቲም በልቼ እንደዚያ ጣፍጦኝ አያውቅም፤ ቲማቲሙ ይሁን ቀኑ አላውቅም።

ዝዋይ ከአውቶቡስ ወርደን በጋሪ ፖሊስ ጣቢያው ደረስን። መዝገብ ቤቱን የያዙት ገመዳ የሚባሉ ሽማግሌ፣ አባቴን ገና ከበሩ ሲያዩት ከመቀመጫቸው ተነሱ።

"አከም ጂርቱ ጋሽ በቀለ! ጠፉ እኮ፤ ሰው ሞቷል አሉን እንጂ እርስዎም አብረው የሞቱ አልመሰለንም።"

አባቴ ሳቀ። ስለ እናቴም አጽናኑት። ከዚያ መዝገቡን አውጥተው ሲያነጻጽሩ፣ የምንሽሩ ቁጥር የመጨረሻዋ አኃዝ ተፍቃ ሦስት ትሁን ስምንት አልታወቅ አለች። መዝገቡ ላይ ስምንት ይላል፤ ብረቱ ላይ ግን ሽማግሌው ሦስት ነው የሚታየኝ አሉ። ቁጥሩ ካልገጠመ ማረጋገጫ የለም። አባቴን አላበው። እኔ ስስ ወረቀት ከክላሰሬ አውጥቼ ቁጥሩ ላይ አስተኛሁና እርሳሴን አጋድሜ ቀስ ብዬ ፈተግኩት። ስምንቷ ከነወገቧ ወጣች። ገመዳ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ወረቀቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ የተማረ ይግደለኝ ብለው ማኅተሙን መቱት። ከቢሮው ስንወጣ አባቴ ለጋሪ ነጂው ሳይጠየቅ፣ ልጄ ናት አለው።

ሐይቁ ዳር ሄደን አሳ ጥብስ በዳጣና በሎሚ በላን። እነዚያ ራሰ በራ ወፎች የአሳ አንጀት እየጠበቁ ዙሪያችንን ቆመዋል። አባቴ እጁን ታጥቦ ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ። ከዚያ ዮሐንስ አንድ ጊዜ የነገረውን ነገረኝ። በእነሱ አገር በረዶ ሲወርድ መሬቱ ሁሉ ነጭ ይሆናል፤ ሌሊት ያለፈ ፍጥረት ሁሉ፣ ወፏ ሳትቀር፣ ዱካዋን ጥላ ትሄዳለች።

"ዕድሜዬን ሙሉ ዱካ ፈለግኩ" አለኝ። "ዱካ ነጭ ላይ እንዴት እንደሚታይ አንድ ቀን ባይ ይበቃኝ ነበር።"

አባቴ በሕይወቱ ሲመኝ የሰማሁት ያንን አንድ ነገር ብቻ ነው።

ክረምቱን ፎርም ስንሞላ አለፈ። የትውልድ ቀኑን አያውቅም፤ እናቱ በኅዳር ሚካኤል ማግስት ወለድኩህ ስላለችው ቀኑ ተገኘ፣ ዓመቱን እኔና እሱ ተስማምተን ወሰንን። የጉዞው ዓላማ የሚል ቦታ ላይ ስደርስ፣ ለአደን ብዬ ልጻፍ ስል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጻፊው እንጂ አታንብቢልኝ አለኝ። ጽሑፍ አፍ አይደለም፣ ወረቀት ላይ ያለ ቃል ዱር አይሰማውም ባይ ነው። እየሳቅኩ ጻፍኩት። ጥይቱንም ሃያ ብዬ ሞላሁ። ቃለ መጠይቅ ሊኖር እንደሚችል አውቃለሁ፤ ስትጠየቅስ ምን ትላለህ ብዬ ግን አልጠየቅኩትም። ወረቀቱ ካማረ የቀረው ቀላል ነው ብዬ ነበር።

ለመስቀል ጥቂት ቀን ሲቀረው ተጠራን። በጠዋቱ አውቶቡስ አዲስ አበባ ገባን። አባቴ ካኪ ኮቱን አስተኩሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ ጺሙን ተላጭቶ፣ አሥር ዓመት የቀነሰ መስሎ ነበር። መንገዱ ዳር አደይ አበባ ፈክቷል። ወረፋ ጠብቀን መስኮቱ ጋ ስንደርስ፣ አስተርጓሚው በዚያ ቀን አልገባም ነበር። ኢትዮጵያዊው ሠራተኛ እኔን አይቶ፣ ልጅዎ ከቻለች እሷ ትተርጉም አለ። እችላለሁ አልኩ። ክላሰሬን አቀረብኩ። ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠችው ሴትዮ መነጽር ያደረገች፣ ጨዋ፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሰው ነበረች። ወረቀቶቹን እያገላበጠች ሁሉም የተሟላ ነው አለችኝ። ደስ አለኝ።

ከዚያ ለምን እንደሚሄድ ጠየቀች።

"ወዳጄን ልጠይቅ ነው" አለ አባቴ። "ትንሽ እንራመዳለን።"

እንዳለው ተረጎምኩ። ሴትዮዋ ፎርሙን አየች። እዚህ ለአደን ይላል፤ ሊያድኑ ነው ወይስ አይደለም፣ አለች። እኔም ቃሏን እንዳለ ወደ አማርኛ መልሼ፣ አደን የምትለዋን ሳልሸሽግ፣ ፊት ለፊቱ ጠየቅኩት። አባቴ ዞሮ አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ። ፈርቶ መሰለኝ። አይዞህ መልስ አልኩት።

"እሱ የእግዜር ፈንታ ነው" አለ።

ያንንም ተረጎምኩ። ታዲያ መሣሪያው ለምንድን ነው አለች። አሁንም አየኝ፤ አሁንም መልሱን ጠበቅኩ። "መሣሪያዬ ነው፤ ከኔ አይለይም" አለ። ይህንንም፣ አንድ ቃል ሳልጨምር አንድ ቃል ሳልቀንስ፣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ አስተላለፍኩ። ሴትዮዋ መጻፏን ትታ ቀና አለች። ያንን ዓረፍተ ነገር ዛሬ በእንግሊዝኛ ሳስበው፣ ወዴትና ለምን እንደሚሄድ የማይናገር፣ ከጠመንጃው የማይለይ ሰው ቢመጣብኝ እኔም ቪዛ አልሰጠውም።

ኮሜርስ ሳለን አስተርጓሚ ቧንቧ ነው፤ የገባበትን ውሃ ነው የሚያወጣው ተብለን ተምረን ነበር። እኔ ያንን ቀን ጥሩ ቧንቧ ነበርኩ። ፈተና ቢሆን መቶ ከመቶ አገኝ ነበር።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፓስፖርቱን መለሱልን። ውስጡ አንዲት ታጥፋ የገባች ወረቀት አለች፤ የጉዞው ዓላማ ግልጽ ስላልሆነ አልተፈቀደም ትላለች። ውጭ ቆመን አነበብኩለት። አባቴ ወረቀቷን ተቀብሎ እንደገና በማጠፊያዋ አጥፎ ኪሱ ከተታት። እሺ፣ እንሂድ አለ።

አውቶቡሱ ውስጥ እኔ ተቆጣሁ፤ በሴትዮዋ፣ ባልገባው አስተርጓሚ፣ በአባቴም ጭምር። አንዲት ቃል ብትናገር ምን ነበረበት እያልኩ በሆዴ እብከነከናለሁ። ደብረ ዘይት አለፈ፤ እሱ መስኮት መስኮቱን ነው የሚያየው። ሞጆ ልንገባ ስንል፣ ፊቱን ሳያዞር፣ "እናትሽ ትናገርልኝ ነበር" አለ።

ምኑን አልኩት። ቀስ ብሎ ነገረኝ። አዳኝ ወዴት እንደሚሄድ በአፉ አይናገርም፤ ነገር ግን ሰው ሳያውቅ ዱር መግባትም ሞት ነው፤ ቢጎዳ ማን ያወጣዋል፣ ወዴትስ ብለው ይፈልጉታል። ስለዚህ የሚናገርለት የቤቱ ሰው ነው፤ የእሷ አፍ አልታሰረም። ያኔ ትዝ አለኝ። ጎረቤት ወዴት ነው ጋሽ በቀለ ሲለው እሱ ልራመድ ይላል፤ እናቴ ከኋላው ብቅ ብላ፣ በቀለ ለአጋዘን ነው የሚወጣው፣ በአራተኛው ቀን ይመለሳል፣ እኔ እጠብቀዋለሁ ትላለች። ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የምትለው። እኔ ትምህርት ቤት ከገባሁ ወዲህ እናቴ አፏ አያርፍም፣ በባሏ ትኩራራለች ብዬ አፍርባት ነበር።

"አንቺን ይዤሽ የሄድኩት ለእንግሊዝኛው መስሎሽ ነበር?" አለኝ። "እንግሊዝኛ የሚያውቅማ እዚያ ሞልቷል።"

መስኮቱ ላይ ሁለት ጊዜ ዞሮ ያየኝ፣ ፈርቶ አልነበረም። ተራሽ ነው፣ ተናገሪልኝ ሲለኝ ነበር። እኔ ደግሞ አይዞህ መልስ አልኩት።

ተነስቼ ሹፌሩን አቁም ልለው ፈለግኩ። አውቶቡሱን አዙሬ፣ መስኮቱን ደብድቤ፣ ለአደን ነው ብዬ ልጮህ ፈለግኩ። ይቅር በለኝ አባባ አልኩት።

"አንቺ ምን አጠፋሽ" አለኝ። "የሰማሽውን ተናገርሽ።"

በጥፊ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

በሳምንቱ ለመሥሪያ ቤቴ ታምሜአለሁ ብዬ ብቻዬን ኤምባሲው ሄድኩ። ያው ሠራተኛ ታሪኩን ሰምቶ አዘነልኝ፤ አንዴ የተወሰነ አይነሳም፣ ከስድስት ወር በኋላ እንደ አዲስ አመልክቱ አለኝ። ኅዳር በሁለት ወሩ ነው። በረዶው እኛን አይጠብቅም። ለዮሐንስ አባቴ ሳያውቅ አራት ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩለት፤ ጥፋቱን ሁሉ በራሴ ላይ አድርጌ። መልሱ ቶሎ መጣ። ዘጠኝ ዓመት አባትሽ ወዴት እንደምንሄድ አንድ ቀን ነግሮኝ አያውቅም፤ የምትነግረኝ ቁርስ ላይ እናትሽ ነበረች፤ እኔም ይህንን እያወቅኩ አስቀድሜ አለመጻፌ ጥፋቱ የኔም ነው፤ ለሚመጣው ኅዳር እኔ ራሴ ለኤምባሲው እጽፋለሁ፣ ይላል። ደብዳቤውን ለአባቴ አነበብኩለት። እንግዲህ ዓመት ነው፣ ዓመት ምን አላት አለ። በርጩማውን ወደ ዛፉ ሥር አልመለሰውም። ጠዋት ጠዋት እስከ ከተማው ጫፍ በእግሩ እየሄደ ይመለስ ጀመር፤ ጉልበቱን ለሜዳው ጫካ እያለማመደ።

በሰኔ የመጣውን ፖስታ የጻፈችው የዮሐንስ ሚስት ናት። ሦስት መስመር ነው። ልቡ ቆመ፣ አልተሠቃየም፣ በመንደራችን ተቀበረ። እንደ ወትሮው ለአባቴ ጮክ ብዬ ተረጎምኩለት። ሦስቱም መስመር አለቁ፤ አባቴ ግን ገና እየጠበቀ ነበር፤ ዓይኑ አፌ ላይ ነው። እኔም ቀጠልኩ። ይጠብቅህ ነበር ትላለች፣ በረዶው ሲወርድ በየቀኑ መስኮት ላይ ቆሞ የአንተን ስም ያነሳ ነበር ትላለች፣ አልኩት።

አባቴ እጄ ላይ ያለችውን ወረቀት አየ።

"ይኼ ወረቀቱ ላይ አለ?" አለኝ።

የለም አልኩት።

"ደግ አደረግሽ" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረ። ቪዛ ዳግመኛ አልጠየቀም፤ ማን ጋ ይሄዳል? ምንሽሩንም ዝዋይ ወስዶ ለገመዳ አስረከበ፤ ሐይቁ ዳር አሳ በልተን ተመለስን፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ግን ምንም አላሳየኝም። የማለማመጃ እግር ጉዞውን እስኪወድቅ ድረስ አላቋረጠም። ሰው ከየት ነው ጋሽ በቀለ ሲለው፣ ስራመድ ይላል። ያኔ እውነቱን ነበር።

አባቴን ናፍቄአለሁ ብል ያነሰ ይሆናል። ብዙ ሰው አባቱን ይናፍቃል። እኔ የሚናፍቀኝ በዚያ መስኮት ላይ ዞሮ ያየኝ ቅጽበት ነው፤ ያቺን ቅጽበት ብቻ መልሰው ቢሰጡኝ ሌላውን ዕድሜዬን አልጠይቅም ነበር። ሰው በሕይወቱ ስንት ቃል ይናገራል፤ ስንት ገጽ መታሁ እኔ፣ ለስንት አለቃ። ከዚያ ሁሉ ይልቅ ያልተናገርኳት አንዲት ቃል ትከብደኛለች።

ማህሌት መልሷን አሳምራ ነው የያዘችው። ለሥልጠና ነው፣ ሦስት ወር ነው፣ ሥራዬ እዚህ ስለሆነ እመለሳለሁ፣ እያለች ሦስት ጊዜ ደገመችልኝ፤ አንድም ቦታ አልተሳሳተችም። ጎበዝ አልኳት። የተረፈውን ፓፓያ ይዛ በባጃጅ ሄደች።

እኔ በረንዳው ላይ ቀረሁ። ነፋሱ ጋብ ብሎ ነበር። ጎረቤት ቢሰማኝ አሮጊቷ ለየላት ይላል፤ ይበል። መስኮት ላይ እንደቆመ ሰው ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩና በዚያው በጥርት ባለው እንግሊዝኛዬ፣ ጮክ ብዬ፣ አባቴ በቀለ ለአደን ነው የሚሄደው አልኩ። ወዳጁ ጋ ነው። ዱካ በበረዶ ላይ ሊያይ ነው። ይመለሳል፤ እኔ እጠብቀዋለሁ።